ስለ ሙቀቱ ለጠየቅሽኝ

ዴልሂ፣ መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

አለሜ፣

ትናንት በስልክ ‹‹ደህና ገባችሁ ወይ?›› ስትዪኝ ‹‹ገብተናል!›› ብዬ ጮህኩ። አንቺ ደግሞ ‹‹ማን ነው የጠፋው?›› አልሽ። ኑሀሚን ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን ከፋኝ። የፋብሪካው ማሽን ጆሮሽን ከወሰደው ወዲህ ፊትሽን ሳላይ ከአንቺ ጋር መነጋገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀት ይሁን። እኔ እጽፋለሁ፤ ልጅሽ ፎቶ አንስታ ለጎረቤታችን ለሂባቅ ትልካለች፤ ሂባቅ ሱቋ ውስጥ በስልኳ አጉልታ ታስነብብሻለች። አንቺም ጽፈሽ ስጫት።

ኑሀሚን ደህና ናት። ሐኪሞቹ የተበላሸውን የልቧን በር እንቀይራለን፣ ግን መጀመሪያ ትንሽ ትጠንክር ብለዋል። ከእኛም የሚፈልጉት ነገር አለ። ለእሷ ለሚሰጣት ደም ምትክ እንዲሆን፣ ለደም ባንኩ የሚለግሱ ሰዎች ማምጣት አለብን። በማላውቀው አገር ሰው ከየት እንደማመጣ እያሰብኩ ነው። አንቺ አታስቢ፣ ይገኛል።

ስለ ማረፊያችን ለጠየቅሽው፣ ጥሩ ነው። ባለቤቲቱ ሻኪላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከወንድሟ ከሙነዋር ጋር ምድር ቤት ትኖራለች። ሙነዋር በፔዳል የሚነዳ ባለ ሦስት እግር ጋሪ አለው፤ ሰው ያመላልስበታል። ባጃጁም እዚህ ሞልቷል። እኔ'ኮ ባጃጅ ድሬ የተፈለሰፈ ይመስለኝ ነበር። ሽርጤን አሸርጬ ስወጣ ደግሞ ያገራቸው ሰው መስያቸው በቋንቋቸው ያዋሩኛል። እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ።

ስለ ሙቀቱ ለጠየቅሽኝ፣ ለድሬ ልጅ ስለ ፀሐይ ይወራለታል? እነሱ ግን ደንግጠዋል። ጋዜጣው፣ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት ከመቶ የሚበልጡ ዓመታት እንዲህ ያለ መጋቢት አልታየም ብሎ ጽፏል አለችኝ ኑሀሚን። እኔ አልደነገጥኩም።

ለእድሩም፣ ለመስጊዱ ሰዎችም፣ ገንዘብ አዋጥተው እዚህ ላደረሱን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

የኑሀሚን አባት፣

ሰላምታዬን ከአንተ በፊት ለሻኪላ አድርስልኝ። ልጄን ያስጠለለች ሴት ናትና ተራው የእሷ ነው።

የዘገየሁት ሂባቅን ላለማድከም ብዬ ነው። ረመዳን ላይ ናት፤ ከዓሥር ሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሁሉ ይጠፋል። እሷ ግን ተቆጣችኝ። ‹‹ወላሂ፣ ጾምኩ እንጂ አልሞትኩም! ደብዳቤሽን አምጪ›› ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስለ ክፍሉ ብጠይቅህ ‹‹ጥሩ ነው›› ብለህ አለፍከኝ። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ባለቤቲቱ ምድር ቤት ካለች እናንተ ያላችሁት ጣሪያ ሥር ነው ማለት ነው። ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ማታ ይተፋባችኋል። አንተ ቻለው እንበል፤ የልብ ሕመምተኛዋስ?

‹‹የድሬ ልጅ ነኝ›› አትበለኝ። የድሬ ሰው ዕድሜ የሚጠግበው ፀሐይን ስለሚፈራ ነው። በቀትር ሱቁን ዘግቶ፣ መስኮቱን ጋርዶ ይተኛል። ሲመሽ ደግሞ ከተራራው ነፋስ ይወርድለታል። እዚያ የሚወርድልህ ነፋስ አለ ወይ? ሽርጥህን ውሃ ነክረህ ራስህ ላይ ጣል። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቤት አትውጣ። ለኑሀሚን ውሃ ላይ ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምርላት።

ስለ ደሙ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኔ እዚያ ብሆን ከነሕይወቴ ቀድተው ቢወስዱት ደስ ይለኝ ነበር።

አለምብርሃን


ዴልሂ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

አለሜ፣

ስለቆየሁ ይቅርታ። ሁላችንም ደህና ነን። ደሙም ተገኝቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጠሮው ትንሽ ተገፍቷል፤ ሆስፒታሉ ሙቀት በጣላቸው ሰዎች ስለተጨናነቀ ነው።

ክፍል ቀይረናል። ሻኪላ ምድር ቤት የራሷን ክፍል ለቀቀችልን። እሷና ወንድሟ ወደ እኛ ወጡ። እንቢ ብል አልሰማ አለችኝ።

ጽሕፈቴ ከተበላሸብሽ ብዕሩ ነው።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ካሣ፣

ብዕሩ ነው? ትኬት ስትቆጣጠር ዕድሜህን በሙሉ በሚንገጫገጭ ባቡር ላይ ቆመህ ጽፈሃል። አንድም ቀን ከመስመር ወጥተህ አታውቅም። አሁን ዘንድሮ፣ ከምድር ቤት፣ ከጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ሰከረ ሰው ቁልቁል ይሄዳል። ሂባቅ እንኳ አማርኛ ማንበብ የማትወደው አይታ ‹‹ይሄ ሰውዬ ታሟል›› አለች።

ባለቤቲቱ በደህና ቀን ክፍሏን አትለቅም። ደሙም ከሰማይ አልወረደም። ልትደብቀኝ የፈለግኸው እንዳልሰጋ ነው፤ ይገባኛል፣ ግን ሳላውቅ የበለጠ እሰጋለሁ። ጆሮዬ ነው የተደፈነው፣ ዓይኔ አይደለም። የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ። ልጄ ደህና ናት?

አለምብርሃን


ዴልሂ፣ ስቅለት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

አለሜ፣

ልጅሽ ደህና ናት። የወደቅኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እጄ ስለጸና ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ደም የሚሰጥ ሰው አላገኘሁም ነበር። ራሴ ልስጥ ብዬ ወደ ደም ባንኩ ሄድኩ። ልጅቷን ብቻዋን እንዳላቆያት ብዬ የሄድኩት ተኝታ ሳለች፣ በቀትር ነው። አንቺ አትውጣ ባልሽኝ ሰዓት። እዚያ ስደርስ ፀጉሬን አይተው የልደት ዘመኔን ጠየቁኝ፤ ‹‹አባት፣ ዕድሜዎ አልፏል›› ብለው መለሱኝ።

ስመለስ ‹ሉ› የሚሉት ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ሲባል የኛ የማታ ነፋስ እንዳይመስልሽ። የዳቦ ምድጃ በር ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው፣ ግን የሚዘጋው ሰው የለም። ሰው ከመንገዱ ጠፍቷል፤ ቁራዎቹ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። ትንሽ እንደሄድኩ ላቤ ቆመ። እፎይ፣ ቀዘቀዘ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን እይ። ከዚያ እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሠፈር ያለሁ መሰለኝ። ዛፎቹ ጥላ ሥር ልቀመጥ ብዬ ጎንበስ ስል ዛፍም ጥላም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ነው። የሸንኮራ ጭማቂ የሚሸጥ ሰው አየኝ። በጆንያ የሸፈነውን በረዶ ሰባብሮ ብብቴና አንገቴ ላይ አደረገው። የቀኑ ገበያው በሙሉ ያ በረዶ ነበር። ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ማን እንደሆንኩ ማንም አያውቅም። ሙነዋር በዚያ ሲያልፍ በሽርጤ ለየኝ። ጋሪው ላይ ጭኖኝ ሆስፒታል ድረስ በፔዳል ወሰደኝ። ጾመኛ ነበር አለሜ። ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም።

ስነቃ ኑሀሚን እያለቀሰች፣ እሱ እግሬ ሥር ቆሞ ነበር።

‹‹ለምን በቀትር ወጣህ?›› አለኝ፤ ኑሀሚን በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ነርስ በቋንቋቸው እያቀባበሉ።

‹‹ደም ፍለጋ›› አልኩት።

‹‹ከኛ ጋር እየኖርክ?›› አለ። ‹‹ለምን አልጠየቅኸኝም?››

እንግዳ ሰው ደም ይጠየቃል ወይ?

ማምሻውን በቴምር አፍጥሮ፣ እህል ቀምሶ፣ የመንደሩን ልብስ ሰፊና ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ደም ባንኩ ሄደ። አራቱም ሰጡ። ሐኪሟ፣ የእነሱ ደም ባንክ ይገባል፣ ለኑሀሚን የሚሆነው ከዚያ ተመርጦ ይወጣል ብላ አስረዳችን። የሙነዋር ዓይነት ግን ከእሷ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በቀጥታ በስሟ ተቀመጠላት።

በዓረብኛ ‹ሹክረን› ብዬ አመሰገንኩት። ገባው። ‹ሹክሪያ› ነው የሚሉት እነሱ። ከዚህ የበለጠ ቃል ስለማላውቅ እሱኑ ደጋገምኩት፤ በመጨረሻ ሳቀብኝና አፌን በእጁ ያዘኝ።

አትቆጪኝ።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

የኑሀሚን አባት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ።

ተቆጥቼ ነበር። ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። ከዚያ ብትሞት ኖሮ ይህን ቁጣ ለማን እጽፈው ነበር ብዬ አሰብኩና አለቀስኩ፤ ቁጣውም አብሮ ወጣ።

ደብዳቤህን ሂባቅ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ስኳሩን ትቶ ቆመ። ጋሪ ነጂው ሳያፈጥር እንደወሰደህ ስደርስ ሂባቅ ሒሳብ መሥሪያዋን አስቀመጠች። ‹‹በዚያ እሳት? ሳይጠጣ?›› አለች። ከዚያ በሶማልኛ የሆነ ነገር አለች፤ ምን አልሽ ብላት ‹‹ለእናቱ ነው የጸለይኩት። እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች›› አለችኝ።

ትናንት ቤቱ ያለ እናንተ ጭር እንዳይልብኝ ቀኑን ሙሉ አብራኝ ዋለች። እኔ ጾሜን ስፈታ እሷ ጾም ነበረች፤ ሲመሽ ደግሞ እኔ ሳምቡሳዋን ይዤላት እሷ አፈጠረች። በሁለታችንም ማዕድ ላይ የሙነዋር ስም ተነሣ።

እስቲ ስለ እሱ ንገረኝ። ዕድሜው ስንት ነው? ሚስት አለው? ምን ይወዳል? ከድሬ ምን ብልክለት ደስ ይለዋል? ሕንድ ደርሶ መልስ የሚሄድ ነጋዴ ሂባቅ ታውቃለች። ለሸንኮራ ሻጩም ሄደህ እጁን ሳምልኝ፤ እኔ ልስመው አልችልምና።

አለምብርሃን


ዴልሂ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

አለሜ፣

ተቀመጪ፤ ቆመሽ አታንብቢው። ልጅሽ ዳነች።

ትናንት ወዲያ ጠዋት ወሰዷት። ቀኑ እስካሁን ካየነው ሁሉ የከፋ ነበር። መንደሩ ሁሉ መብራት አልነበረውም፤ ሆስፒታሉ በጄነሬተር ነው የሠራው። ጄነሬተሩ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ሻኪላ አጠገቤ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፤ እኔ ዳዊቴን ይዣለሁ፣ ግን ፊደሉ አይታየኝም። አንድ ጊዜ እጄን መታ አደረገችና በእንግሊዝኛ ‹‹ኢት›› አለችኝ፤ እንድበላ ቂጣ ሰጠችኝ። ራሷ የማትበላውን።

ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷን አይቼ አወቅኩ። ‹‹አዲሱ በር በደንብ ይከፈታል፣ በደንብ ይዘጋል›› አለችን። ደም ፈስሷት እንደነበረ፣ የተዘጋጀላት ደም እንደደረሰላትም ነገረችን።

ማታ አስገቡኝ። ዓይኗን ገልጣ ያለችውን ልንገርሽ? ‹‹አባዬ፣ በረደኝ›› አለች። የዴልሂ ሰው ሁሉ በሚቀልጥበት ቀን! ክፍሉን በማሽን ያቀዘቅዙታል። ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ፤ ነርሷ ‹‹ሽሽ›› አለችኝ።

ሸንኮራ ሻጩ ጋ ሄጃለሁ፤ እጁን ስሜልሻለሁ። በጣም አፈረ።

የቀረውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ብቻ አሁን ደስ ይበልሽ።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

የኑሀሚን አባት፣

ዛሬ ኢድ ነው፤ ድሬ ሁሉ ለብሳ ወጥታለች፤ ለእኔ ግን ለልጄ የወጣች ነው የመሰለኝ። ደብዳቤህ ሲደርስ ሂባቅ ሱቋን ጥላ መንገድ ላይ እልል አለች። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው ጋሽ ይሳቅ፣ ‹‹ልቧ ምን አለ?›› አለኝ፤ ‹‹ይከፈታል፣ ይዘጋል›› ስለው ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ይህን ሁሉ ለኑሀሚን ንገራት። እናትሽ ሥራ ፈትታለች፣ ማመስገን ብቻ ሆኗል ሥራዋ በላት።

ለሻኪላና ለሙነዋር ኢድ ሙባረክ ብለሃል?

ስለ ሙነዋር የጠየቅኩህን ግን አንዱንም አልመለስክልኝም። ደብዳቤህን ደግሜ አየሁት። እዚያ ሁሉ ቀን ሻኪላ አለች፤ እሱ የለም።

አለምብርሃን


ዴልሂ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

አለሜ፣

የለም። እውነትሽን ነው።

ኑሀሚን ከቀዶ ጥገናው በወጣች ማግስት ነው። ኢድ ሲቃረብ ሰው ገበያ ይወጣል፤ ሥራ የሚገኝበት ሳምንት ነው ብሎ በቀትርም መንዳት አላቆመም። እኅቱ ለምናው ነበር። ከሰዓት በኋላ ድልድይ ሥር ጥላ ላይ ጋሪውን አቁሞ፣ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ያለፈ ያገደመው የተኛ መስሎት ነው። እኔን ባነሣኝ ቦታና እሱ በተቀመጠበት መካከል አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። እሱ ግን ጥላ ነበረውና ማንም አልደነገጠለትም።

አልጻፍኩልሽም። ሻኪላ ስለከለከለችኝ ነው። ወንድሟን ቀብራ፣ በዚያው ምሽት ሆስፒታል መጣች። በር ላይ ያዘችኝ። በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዋ ‹‹ለልጅቷ አትንገር። ልቧ አዲስ ነው። መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን፣ ከዚያ›› አለችኝ። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ገብታ ልጃችንን ግንባሯን ሳመቻት። ‹‹አጎት ሙነዋርስ?›› ስትላት ‹‹ሥራ ላይ ነው›› አለቻት። አለሜ፣ እንዲህ ያለ ጥንካሬ አይቼ አላውቅም።

እኔን የበላኝ ሌላ ነገር ነበር። ደሙን ባይሰጥ ኖሮ? ሐኪሟን ጠየቅኳት። ከሰጠ ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ ደሙ አይደለም፣ ፀሐይዋ ናት፤ በዚህ ሳምንት ብዙ ሰው እንዲሁ አጥተናል አለችኝ። አላሳረፈኝም። ሻኪላን ጠየቅኳት። ተቆጣችኝ። ‹‹እሱ ሰጠ። እናንተ አልወሰዳችሁም። ስጦታውን ጥፋት አታድርግበት›› አለች።

ለጠየቅሽኝ፦ ዕድሜው አርባ ገደማ ነው። አላገባም። ኮምጣጣ ማንጎ በጨው ይወድ ነበር። ሲነዳ ያፏጫል።

ለኑሀሚን ትናንት ነገርናት። ብዙ አለቀሰች፤ ልቧ ግን ቻለው። ለእኅቱ ምን እንደምል አላውቅም። አንቺ ጻፊላት።

ካሣ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሻኪላ፣

ይህን ኑሀሚን በእንግሊዝኛ ታነብልሻለች፤ ያልገባሽን ደግሞ ፊቷን አይተሽ ትረጂዋለሽ። እኔ እናቷ ነኝ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ከኀዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። እኔ ካንቺ ጋር ልቀመጥ ስለማልችል እዚሁ ተቀመጥኩልሽ። የባለቤቴ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ለጎረቤቴ ለሂባቅ አነበብኩላት። ሱቋን ዘጋች፣ እድሩ ቤት ሄደች፣ ድንኳን አስጭና መጣች። ‹‹ምን ልታደርጊ ነው?›› ብላት ‹‹የሞተብን ሰው አለ አይደል?›› አለችኝ።

ድንኳኑ ደጄ ላይ ተተከለ። ሂባቅ የሠፈሯን ሼኽ ጠራች፤ ለወንድምሽ ቁርኣን ተቀራለት። እኔም በበኩሌ በቤቴ ጸለይኩ። ውሃና ቴምር በስሙ ለአላፊ አግዳሚው ታደለ። ሰው ጉድ እስኪባል መጣ፤ ከባቡር ጣቢያ የባለቤቴ የድሮ ጓደኞች፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የኑሀሚን የሥራ ባልደረቦች ከፈረቃ ሲወጡ፣ የጫት ነጋዴዎች። የባጃጅ ነጂዎቹ የሙያቸው ሰው መሆኑን ሲሰሙ ባጃጃቸውን ከመንገዱ ዳር በሰልፍ አቁመው፣ ገብተው አብረውን ተቀመጡ።

ከከተማው ውጭ፣ ከሐርላ የመጡ አንዲት አሮጊት ለቅሶ መሆኑን አይተው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ማን እንደሞተ አያውቁም። ጆሮዬ እንደማይሰማ ሲገባቸው ወደ ፊቴ ቀርበው ‹‹ሟቹ ምንሽ ነው?›› አሉኝ።

ምንም አላሰብኩም። ‹‹ወንድሜ ነው›› አልኳቸው።

‹‹የእናት ልጅ? የአባት ልጅ?››

ሂባቅ ከእኔ ቀድማ መለሰችላቸው። ‹‹የደም ዘመድ ነው፣ እናቴ።››

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ለወንድምሽ አለቀሱለት።

እኅቴ፣ ሹክሪያ።

አለምብርሃን